ኢፖክሲ የወለል ቅብ

መርካቶ ካሉት የቀለም መደብሮች ኢፖክሲ ብትገዙ የሚሰጣችሁ ሁለት ጣሳ ነው፤ በአንደኛው ዋናው ቅብ፥ በሁለተኛው ማጠንከሪያው ይገኛል። ተራ ቀለም የሚደርቀው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲተን ነው። ኢፖክሲ የሚጠነክረው ግን ሁለቱ ሲቀላቀሉ በሚደርሰው ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ስለዚህ ልኩ ከተዛባ ሳይጠነክር ይቀራል፤ ተቀላቅሎ ከቆየም በዕቃው ውስጥ ይደርቃል።

የመኪና ማቆሚያ ወለል ስትቀቡ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። በመጀመሪያ፥ ወለሉ አዲስ የሲሚንቶ ሊሾ ከሆነ ቢያንስ 28 ቀን እስኪሞላው ታገሡ። ቀጥሎም የፈሰሰውን የሞተር ዘይት በሳሙና አጥባችሁ አስለቅቁ፤ የለሰለሰውንም ገጽ ፈግፍጋችሁ አሻክሩት። ሲደርቅ ላስቲክ አንጥፉና ጠርዙን አሽጋችሁ ለ24 ሰዓት ተዉት፤ ከሥሩ ወዝ ከታየ፥ በተለይም በክረምት፥ ወለሉ እርጥበት አለውና አትቀቡት። በመጨረሻም በርና መስኮት ከፍታችሁ፥ ጓንት አጥልቃችሁ፥ ሁለቱን በታዘዘው ልክ ቀላቅሉ፤ ከውስጠኛው ጥግ ጀምራችሁም ወደ በሩ እያፈገፈጋችሁ ቀቡ።

ብዙ ሰው ማጠቡንና ማድረቁን ትቶ ለመቀባት ይቸኩላል። ነገር ግን ዘይት ወይም እርጥበት ባለበት ላይ የተቀባ ኢፖክሲ ወለሉን አይዝም፤ የመኪና ጎማ ሲያርፍበት እየተላጠ ይነሣል፤ የወጣበትም ገንዘብ ከንቱ ይሆናል።