ብሬከሩ ለምን ወረደ?

ቤታችሁ ስንት አምፖል አለ? ለመብራት መስመር ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ብሬከር 10 አምፔር ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ሁለቱን አባዙ፤ 2200 ዋት። በወረቀት ሂሳብ ከሄድን ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 244 ይሸከማል! የድሮው ባለ 100 ዋት ቢሆን 22 ላይ ያበቃ ነበር። እንግዲህ ብሬከሩ እንዳይወርድ ብሎ የሳሎኑን መብራት የሚያጠፋ ሰው ካለ በከንቱ ጨለማ ተቀምጧል።

ጉዱ ያለው ሶኬት ላይ ነው። ቴሌቪዥን፣ ቻርጀር፣ ፍሪጅም ቢሆን ተደምረው ያን ያህል አይበሉም። ሙቀት የሚያወጣ ዕቃ ሲመጣ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል፤ ካውያ ከ1000 ዋት በላይ፣ ውሃ ማፍያ 2000፣ የእንጀራ ምጣድ 3500 አካባቢ። እስቲ 3500ን ለ220 አካፍሉት፤ 16 አምፔር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ምጣዱ ብቻውን ባለ 16 አምፔሩን የሶኬት መስመር ጠቅልሎ ያዘው ማለት ነው። ለቡና ብላችሁ ውሃ ማፍያውን እዚያው መስመር ላይ ስትሰኩ 25 አምፔር ይደርሳል።

የሚገርመው፣ ብሬከሩ ያኔውኑ አይወርድም። ውስጡ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ስስ ጠፍጣፋ ነገር አለ፤ ሲግል አንዱ ከሌላው ይበልጥ ስለሚረዝም ቀስ ብሎ ይጎብጥና መቆለፊያውን ይለቀዋል። እንጀራው ተጋግሮ ሊጋመስ ሲል ድርግም የሚለው ለዚህ ነው። (ሾርት ሲሆን ግን ማግኔቱ ነው የሚሠራው፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም።)

ብሬከሩ የቆመው ለምጣዱ ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ለተቀበረው ሽቦ ነው። ኤሌክትሪሻኑን «ደካማ ነው፣ በ32 ቀይርልኝ» ካላችሁት ብሬከሩ ዝም ይላል፣ የሚግለው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦው ይሆናል። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ የራሱን መስመር ማሳብ ነው የሚሻለው፤ ብዙውን ጊዜ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ይበቃዋል፣ ርቀቱንና አዘረጋጉን ግን ኤሌክትሪሻኑ አይቶ ይወስን።

እኔ በጣም የምወደው ደግሞ ይኼን ነው። ምሽት ላይ ኃይል ደክሞ 220ው ወደ 180 ቢወርድ፣ የጎደለው ከአምስት አንድ እጅ አይሞላም። ነገር ግን ምጣዱ የሚስበው አምፔርም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ሲባዙ 3500 ዋቱ ወደ 2340 ይወርዳል፤ ሲሶው ሙቀት ጠፋ! ብሬከሩ እፎይ ሲል እንጀራው ዓይን ማውጣት ያቅተዋል። ምጣዱ ተበላሸ ብላችሁ ሽቦውን ከማስቀየራችሁ በፊት ቮልቱን አስለኩ።