ሌዘሩ ይቆርጣል፤ ብሌኑስ ከየት ይመጣል?

ቦሌ ያሉ ታካሚዎች «ዶክተር፣ የብሌን ንቅለ ተከላው በሌዘር ይሠራልኝ?» ይሉኛል።

መነጽር ለማስጣል የሚሠራው የሌዘር ሕክምና ሌላ ነው። ለንቅለ ተከላ የሚያገለግለው ፌምቶሰከንድ ሌዘር የለጋሹንም የታካሚውንም ብሌን በኮምፒውተር በተነደፈ ቅርጽ ይቆርጣል። የተለመደው ክብ ምላጭ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይተዋል፤ ሌዘሩ ግን እንደ አናጢ ማጋጠሚያ ደረጃ ወይም ዚግዛግ ስለሚያወጣ ጠርዞቹ ይነካከሳሉ። ቁስሉ ይጠነክራል፤ ከፀጉር የቀጠነው የስፌት ክርም ቀደም ብሎ ሊወጣ ይችላል።

ከዚያ አልፎ ተአምር አይሠራም። ጊዜ ሲያልፍ በእይታ ረገድ ከምላጩ ያለው ልዩነት ይጠባል። ጨረሩ በጠባሳ ውስጥ በደንብ ስለማያልፍ፣ በቁስለት ወይም በትራኮማ ክፉኛ ለነጣ ብሌን ምላጩ ይሻላል። ሌዘሩ ይበልጥ የሚስማማው ኬራቶኮነስ (ብሌን እየሳሳ የሚሾልበት ሕመም) ላለበት ወጣት ነው። ሰውነት የተተከለውን እንዳይገፋ የሚታዘዘው ጠብታ ግን በሁለቱም አይቀርም።

በእኛ አገር የሚብሰው የብሌን እጥረት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተራ የሚጠብቅ ሰው ተስፋው እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ ነው። ብሌን የሚነሣው ሰው ባረፈ በሰዓታት ውስጥ ስለሆነ፣ ለመለገስ ቃል የገባችሁ ለቤተሰብ ዛሬውኑ ንገሩ፤ ወደ ባንኩ ደዋዮቹ እነሱ ናቸው። መነጽር ማድረግም ሆነ የሞራ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ከመለገስ አያግድም።