ቦፎር፦ ከላም ጋር ተራራ የሚወጣ አይብ

በፈረንሳይ አልፕስ፣ ሳቩዋ በሚባለው አገር፣ ከብት ወደ ተራራ የሚወጣው ለጋ ሣር ተከትሎ ነው። በረዶው ምድሩን በሸፈነበት ወራት ላሞቹ ሸለቆ ውስጥ በረት ገብተው ድርቆሽ ይበላሉ። በረዶው ከታች ጀምሮ ሲቀልጥ መንጋውም ከፍ ከፍ ይላል፤ ሰኔ ላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ካለው መስክ ይደርሳል። ከፍ ባለ ቁጥር ሣሩ ዘግይቶ ስለሚበቅል፣ ላሞቹ ሞቃቱን ወራት ሁሉ ለጋ ሣር አይለያቸውም።

ቦፎር የዚህ ጉዞ ልጅ ነው። እኛ ከአሬራ አውጥተን ወዲያው ከምንበላው አይብ በእጅጉ ይለያል፤ ቅቤው ካልወጣለት ጥሬ ወተት ይሠራል፣ ቢያንስ 5 ወር ይቆያል፣ አንዱ ክብ ብዙውን ጊዜ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እንዲህ ግዙፍና ጠጣር ያደረገው ቦታው ነው። ገበያው ሩቅ ነው፤ ወተት እስኪደርስ ይበላሻል። አንድ ኪሎ አይብ 10 ሊትር ያህል ወተት ስለሚፈጅ፣ ወተቱን እዚያው አይብ ማድረግ ሸክሙን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርደዋል።

አጓት ለማስወጣት የሚረዳው ጨው ደግሞ ዳገት የሚወጣ ከባድ ሸክም ነበር። ስለዚህ አጓቱን የማስወጣቱን ሥራ በአብዛኛው እሳት ወሰደው። ወተቱ ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ ይረጋል፤ የረጋው በጥቃቅኑ ተቆራርጦ በትልቅ የመዳብ ድስት እየተማሰለ ከ50 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ያን ጊዜ እያንዳንዷ ፍርፋሪ ተኮማትራ አጓቷን ትለቃለች። ከዚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ በእንጨት ቀለበት ውስጥ ይጫናል። የቀለበቱ ውስጥ ጎበጥ ያለ ስለሆነ የአይቡ ጎን ዙሪያውን ይሰረጉዳል፤ በበቅሎ ሲጫን ገመዱ የሚይዘው እዚያ ላይ ነበር ይባላል።

ቀለሙም ወራቱን ይናገራል። ለምለም ሣር ካሮቲን ስለሚበዛበት የሞቃቱ ወራት ቦፎር ቢጫ ነው፤ የድርቆሹ ጊዜ ነጣ ይላል። እርጥብ ሆኖ ታፍኖ የተቀመጠ መኖ ግን ክልክል ነው፤ ከሱ ወደ ወተት የሚገቡ ባክቴሪያዎች አይቡ ሲቆይ ጋዝ ፈጥረው ይሰነጥቁታልና።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የግድብ ግንባታና የበረዶ ሸርተቴ ቱሪዝም የተራራውን ወጣት ሲስቡ፣ ሙያው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ገበሬዎቹ በማኅበር ተደራጅተው አዳኑት፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ስሙ የሕግ ጥበቃ አገኘ። ዛሬ አብዛኛው ቦፎር የሚሠራው በኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። «ሻሌ ዳልፓዥ» የሚለውን ስም ለመያዝ ግን ከ1,500 ሜትር በላይ፣ ከአንድ መንጋ ወተት ብቻ፣ ጠዋትና ማታ እንደታለበ መሠራት አለበት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህኛው ነው፤ እረኛው፣ አላቢውና አይብ ሠሪው አንድ ቤት ያድራሉ። የማለቢያው ማሽን እንኳ ጎማ ተገጥሞለት ላሞቹ ወደሚግጡበት ይጎተታል፤ መንጋው ለመታለብ ብሎ ሣሩን ጥሎ ረጅም መንገድ እንዳይመላለስ።