ልጅ የሚጠበቅበት ቤት ገቢና ወጪ

አንዲት ሴት ማርገዝዋ በታወቀ ጊዜ በቤትዋ አስቀድሞ የሚነገረው ደስታው ነው። የገንዘቡ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እስከ ሰባተኛውና እስከ ስምንተኛው ወር ድረስ ሳይነሣ ይቈያል። ይህም የሚሆነው ባልና ሚስቱ ቸልተኞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለው የአበው ቃል በሰው ልብ የጸና ስለ ሆነ፥ ደግሞም ገና ላልተወለደ ሕፃን ሒሳብ መቍጠር ማሟረት ስለሚመስል ነው። ይሁን እንጂ በደመወዝ የሚተዳደር ቤት ገቢው መጕደል የሚጀምረው ልጁ በተወለደ ቀን ሳይሆን ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ ነው። ይህን ያላሰበ ቤት ብድር ፍለጋ የሚወጣው እናቲቱ በአራስ ቤት ሳለች፥ ማለት አበዳሪው የፈለገውን በሚጠይቅበትና ተበዳሪው እንቢ ለማለት በማይችልበት ጊዜ ነው።

ገቢው አስቀድሞ የሚጐድልበት ምክንያት እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለድዋ በፊት 30 ቀን፥ ከወለደች በኋላም 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣታል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች ደመወዙ እስካልተቋረጠ ድረስ ምን ይጐድላል ብለው ተዘልለው ይቀመጣሉ። ነገር ግን ይኸው አዋጅ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዳትሠራ፥ የትርፍ ሰዓትም ሥራ እንዳትታዘዝ ይከለክላል። ክልከላው ለእናቲቱና በማኅፀንዋ ላለው ሕፃን ጤና የታሰበ መልካም ሕግ ነው። ሆኖም የብዙ ሠራተኛ ቤት የሚቆመው በመደበኛው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን በትርፍ ሰዓቱ ጭምር ስለ ሆነ፥ ጤናን የሚጠብቀው ሕግ ኪስን መንካቱ አልቀረም።

ለምሳሌ በሐዋሳ ወይም በአዲስ አበባ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፥ የወር ደመወዝዋ 5,200 ብር የሆነ ሴት ትታሰብ። በቀን 8 ሰዓት፥ በወር 26 ቀን ብትሠራ 208 ሰዓት ይሆናል፤ እንግዲህ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 25 ብር ነው። በቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አዋጁ የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል ተባዝቶ እንዲከፈል ስለሚያዝ፥ አንዱ የትርፍ ሰዓት 37 ብር ከ50 ሳንቲም ያወጣል። ይህች ሴት ከማርገዝዋ በፊት በወር 40 ሰዓት ትርፍ ትሠራ ከነበረ በጠቅላላው 6,700 ብር ታገኝ ነበር። እርግዝናዋን ለአሠሪዋ ባስታወቀች ጊዜ 1,500 ብሩ ይቀርና ወደ 5,200 ትመለሳለች፤ ግብሩና የጡረታ መዋጮው ሲቀነስ እጅዋ ላይ የሚደርሰው ከዚያም ያንሳል። ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚበልጠው ሄደ ማለት ነው። ከአራተኛው ወር መጀመሪያ አንሥቶ የወሊድ ፈቃድዋ እስኪያልቅ ዘጠኝ ወር ያህል ነውና፥ የቀረባት ገንዘብ ሲደመር 13,500 ብር ይደርሳል።

እዚህ ላይ በአደባባይ የማይነገር አንድ ነገር አለ። ይህን ሒሳብ ባልዋ ባያውቀው እንኳ ሴቲቱ ራስዋ ታውቀዋለች። ስለዚህም አንዳንዷ ሆድዋን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ፥ ሰፊ ልብስ ደርባ፥ እስከ አምስተኛውና እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ እርግዝናዋን ከአለቃዋ ትሰውራለች፤ የሌሊቱንም ተራ ትገባለች። በዚህ የምታተርፈው የጥቂት ወር ገንዘብ ነው፤ የምታጣው ግን ብዙ ነው። አዋጁ ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበትን ሰዓት የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበች ድረስ ደመወዝዋ ሳይነካ ይፈቅድላታል፤ ተሰውራ የምትሠራ ሴት ግን ይህን ፈቃድ መጠየቅ አትችልምና ምርመራው ይቀርባታል። ደግሞም በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ፥ ከእርግዝናዋ ጋራ ግንኙነት በሌለውና ሕግ በለየው ምክንያት ካልሆነ በቀር፥ አሠሪዋ ከሥራ እንዳያሰናብታት ተከልክሏል። ይህ ጥበቃ የሚጠቅማት ነገሩ በታወቀ ጊዜ ነው። ሴቲቱን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ባልዋ ያ 1,500 ብር ከየት እንደሚተካ ሳያስብ ለአለቃሽ ንገሪ ቢላት ሸክሙን ጨመረባት እንጂ አልመከራትም።

በቤት ሠራተኝነት ላሉት፥ እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡት፥ በጉሊት ለሚውሉትና ለቀን ሠራተኞች ነገሩ ከዚህም ይብሳል። የእነርሱ ገቢ እጅ ሥራ ባቆመበት ቀን ይቆማል። እንዲህ ላለው ቤት ከአራተኛው ወር ጀምሮ ከየቀኑ ሽያጭ ጥቂት ጥቂት እየለዩ ለአራስነቱ ወራት ከማስቀመጥ በቀር ሌላ መንገድ የለም፤ ገንዘቡም ከመነገጃው ጋራ በአንድ ከረጢት ከተቀመጠ መበላቱ አይቀርም።

እንግዲህ ጉድለቱ ከታወቀ ከየትኛው ወጪ ይቀነስ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ብዙ ቤት ሳያስበው ቢላዋውን የሚያነሣው በእናቲቱ ማዕድ ላይ ነው። እንቍላሉና ወተቱ በየዕለቱ የሚገዛ ስለ ሆነ ቢቀር ለጊዜው አይታወቅም፤ እናቲቱም ራስዋ ባሌ ይብላ፥ ልጆቹ ይብሉ ብላ ስለምታሳልፈው የሚከራከር የለም። ይህ ግን ከሁሉ የከፋ ቍጠባ ነው። የደም ማነስ ያደረባት እናት በወሊድ ጊዜ የሚፈስሳትን ደም ለመቋቋም ትቸገራለች፤ ሕፃኑም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ማዕድዋ ውድ መሆን የለበትም። ምስሩ፥ ባቄላው፥ ሽሮው፥ ጐመኑ ከጤፍ እንጀራ ጋራ ሲበላ፥ በተቻለ ጊዜም እንቍላል ሲታከልበት፥ ብዙውን ያሟላል። በላዩ ሎሚ ቢጨመቅበት ወይም ብርቱካን ቢበላበት በምግቡ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን ሰውነት አብልጦ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ ግን ከምግብ ጋራ ሲጠጡ ይህኑ ማዕድን ያስቀራሉና፥ ከማዕድ በኋላ ወዲያው ቡና የማፍላት ልማድ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢዘገይ ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብልም ሳይቋረጥ መዋጥ አለበት።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ለግል ሐኪም ቤት ገንዘብ ለማጠራቀም ብሎ ክትትሉን የሚያዘገይ ሰው ይህን ዘንግቶታል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከውጭ ይገዛ፥ ምርመራው በሌላ ስፍራ ይደረግ የሚባልበት ጊዜ አለ፤ ምጥም በሌሊት ከመጣ ታክሲው የቀኑን ዋጋ አይቀበልም። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከስምንተኛው ወር በፊት ተለይቶ መቀመጥ ይገባዋል።

ያለ ጕዳት ሊቀነስ የሚችለው ወጪ ያለው በሌላ ወገን ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ወደ ላይ ወጥቷል። የቆርቆሮ ወተት ከእነዚህ አንዱ ነው። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ውኃ እንኳ ሳይጨመርበት የእናቱ ጡት ብቻ እንዲበቃው የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ስለዚህ ሐኪም ካላዘዘ በቀር ለዱቄት ወተት የታሰበው ብር ለእናቲቱ አጥሚትና ምሳ ቢውል ለሕፃኑ የሚደርሰው ያኔ ነው። አንድ ጊዜ ለብሶ የሚጣለው ዳይፐርም አራስ ሕፃን በቀን ስምንትና ዐሥር ጊዜ ስለሚቀየር የማያቋርጥ ወጪ ነው። ከአሮጌ ነጠላና ከአንሶላ ተቀዶ፥ ታጥቦ፥ በፀሐይ የደረቀ የሽንት ጨርቅ በቤት ለሚውልበት ሰዓት ይበቃል፤ ዳይፐሩ ለሌሊትና ለመንገድ ይቆይ። አጣቢው ማን ነው የሚለው ግን አስቀድሞ ይወሰን፤ በአራስዋ ላይ ከተጣለ ቍጠባ መሆኑ ቀርቷል።

ከሁሉ የሚከብደው የድግሱ ነገር ነው። ክርስትና ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትነሣለች፤ በእስላሙም ወገን አቂቃ አለ። ሁሉም የሚውለው የወሊድ ፈቃዱ ሳያልቅ፥ ገቢው ዝቅ ባለበት ጊዜ ነው። ሥርዓቱን የሚፈጽመው ካህኑ ነው፤ ድንኳኑንና የቢራውን ሣጥን የጨመረው ሰው ነው። የወለደ ሁሉ እንደ ጎረቤቱ ካልደገሰ የሚናቅ እየመሰለው በአራጣ ሲበደር ይታያል፤ ድግሱን የበላው ጎረቤት ግን ዕዳውን አይካፈልም። ለአራስ ጥየቃ የሚመጣው ዘመድም ምን ላምጣ ብሎ በጠየቀ ጊዜ ዐፍሮ ዝም ከማለት የገብስ ዱቄት፥ ቅቤ፥ የልጁ ያረጀ ልብስ ካለም እርሱን ቢሉት፥ ሰጪው ደስ ይለዋል እንጂ አይከፋም።

እቁብ ያላት ሴት ዕጣዋ ከመውለጃዋ ወር ጋራ እንዲገጥም ከእቁቡ ዳኛና ከአባሎቹ ጋራ አስቀድማ ብትነጋገር፥ ዕጣ የወጣለት ሰው ብዙ ጊዜ ለመለዋወጥ እሺ ይላል። የእቁቡ መዋጮ ግን በቀድሞው ገቢ ልክ የተገባ ከሆነ ከብዶ ዋሱን እንዳያስከፍል፥ ዙሩ ሲያልቅ ወደ ግማሽ መውረድ አሳፋሪ አይደለም። የእድር መዋጮ አይነካ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ከጻፉ ነው። በብዙ ቤት ሚስት የባልዋን ደመወዝ በግምት ታውቃለች፤ ባልም የሽንኵርትን ዋጋ በወሬ ይሰማል። ባልየው በማታ ከጓደኞቹ ጋራ የሚያወጣው፥ ሚስቲቱም ለወላጆችዋ በስውር የምትልከው ካልተጻፈ፥ የተጻፈው ሁሉ ልክ አይመጣም። አዋጁ ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ ባልየው የቀን ተከፋይ ከሆነ ደግሞ ያም ስለሌለው፥ ከዚያ በላይ የሚቀርበት ቀን ሁሉ በወጪው ዓምድ መግባት አለበት።

ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ሕፃኑን ማን ይይዛል የሚለውም ከስድስተኛው ወር ጀምሮ የሚወሰን እንጂ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው አይደለም። ሞግዚት ከተቀጠረች ደመወዝዋና ቀለብዋ አለ። አያቲቱ ከገጠር ከመጡም የመምጫቸውና የመመለሻቸው የመኪና ዋጋ፥ እርሳቸው ሲመጡ እዚያ ቤታቸውን የሚጠብቀው ሰው ዋጋም ጭምር፥ በዚያው ደብተር ይጻፍ። እርሳቸው ለእኔ አታስቡ ማለታቸው አይቀርምና፥ ሳይጠየቁ ቢጻፍ ይሻላል።