ስለ አጎዋ መሻር፤ ተረቱና እውነታው

በቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ፣ የበናና የፀማይ አርብቶ አደር ፍየሉን ነድቶ፣ የአሪ ገበሬ ቡናውን ይዞ በሚገናኙበት ስፍራ፣ የሰሊጥ ወይም የሌጦ ዋጋ ዝቅ ባለ ጊዜ ምክንያቱን «አሜሪካ ገበያዋን ዘጋችብን» ብሎ የሚያስረዳ ሰው አይታጣም። ይህ አባባል ከእውነት የተነሣ ቢሆንም እውነትን አልፎ ሄዷል። የአሜሪካ መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት ተፈጸመ ያለውን ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርጎ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ ዕድል ማስወጣቱ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን የተነሣው የቀረጥ ምሕረት እንጂ የመነገድ መብት አይደለምና፣ ከዚያን ቀን ወዲህም ዕቃችን እንደ ሌላው አገር ዕቃ መደበኛው ቀረጥ እየተከፈለበት ከአሜሪካ ወደብ ይገባ ነበር።

ስለ ሰሊጡና ስለ ቡናው ግን ነገሩ ከዚህም የራቀ ነው። ያልተቆላ ቡና፣ ሰሊጥና ያልለፋ ቆዳ አጎዋ ሳይታወጅም በአሜሪካ መደበኛ ታሪፍ ቀረጥ አልነበረባቸውም፤ ዕድሉ ስላልጨመረላቸው መሻሩም አልቀነሰባቸውም። የሌጦውን ዋጋ ማነስ የሚመረምር ሰውማ ወደ ዋሽንግተን ከማማተሩ አስቀድሞ፣ ቆዳው በአገር ቤት እንዲለፋ በማሰብ በጥሬው ወደ ውጭ በሚላከው ላይ 150 በመቶ ታክስ የጣለውን የራሳችንን የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 567 ቢመለከት ይሻለዋል።

እንግዲህ የተጎዳ የለም ማለት ነውን? ይህስ ከፊተኛው የከፋ ስሕተት ነው። አጎዋ ይልቁንም የጠቀመው የሰው እጅ የደከመበትን ዕቃ፣ ከሁሉም በላይ የተሰፋ ልብስን ነበርና፣ ዕድሉ ሲነሣ የጥጥ ካናቴራ 16.5 በመቶ፣ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራው ደግሞ 32 በመቶ ይቀረጥ ጀመር። ቀረጡን በወደብ የሚከፍለው አሜሪካዊው አስመጪ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ትርፉ በሳሳ ንግድ አስመጪው ፊቱን ወደ ሌላ አገር ስለሚያዞር፣ ሸክሙ ባሕር ተሻግሮ በልብስ ሰፊዋ ትከሻ ላይ ያርፋል። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው በሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራ የነበረው ፒቪኤች የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን መዝጋቱን ሲያስታውቅ የጠቀሰው የጦርነቱን መባባስ ነበር፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአጎዋ መሻር ላይ መጫን አይገባም፤ ሆኖም በዚያ ፓርክ ስፌት ላይ የተሰማሩት አብዛኞቹ ከዙሪያው ገጠር የወጡ ወጣት ሴቶች ነበሩና፣ የቀረጡ ሸክም የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። ጥሬውን ዕቃ ያለ ቀረጥ ተቀብሎ፣ በጥበበ እድ የተሠራውን የሚቀርጥ ሥርዓት ርትዕ ነው ብዬ አላምንም፤ የአጎዋ መሻር እውነተኛ ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው።

«አሜሪካ ውል አፈረሰች» የሚለውም አይጸናም። አጎዋ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ግንቦት 10 ቀን 1992 ዓ.ም. የፈረሙበት የአሜሪካ የራሷ ሕግ እንጂ የሁለት መንግሥታት ውል አይደለም፤ ተጠቃሚዎቹንም ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ እየመረመረ ይሰይማል፣ ይሰርዛልም። ሰላም ሲወርድ ዕድሉ ወዲያው ይመለሳል ብለው የጠበቁም ነበሩ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት ግን ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የማስወጣቱ ውሳኔ በተነገረ ልክ በዓመቱ ቢፈረምም፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023፣ በ2024 እና በ2025 የኢትዮጵያ ስም ከተጠቃሚዎቹ መዝገብ አልገባም።