መኪናው የሚቆምባቸው ሰዓቶች

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አንድ የኢትዮጵያ የመንገድ ካርታ ተሰቅሎ ይገኛል። የጭነት ስምሪት ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ከዚህ ካርታ ፊት ቆሜ ኪሎ ሜትሩን እየደመርኩ፣ ድምሩንም ለመኪናው ፍጥነት እያካፈልኩ፣ የመድረሻውን ሰዓት ያገኘሁ እየመሰለኝ በመዝገቤ ላይ እጽፍ ነበር። ዛሬ ወደ ካርታው ቀና የምለው አልፎ አልፎ ነው፤ የጭነት መኪና ከሚሄድበት ጊዜ ይልቅ ለመጫን፣ ለመመዘን፣ በኬላ ለመፈተሽ፣ ለማራገፍና የመልስ ጭነት ለመጠበቅ የሚቆምበት ጊዜ እንደሚበልጥ፣ ስለዚህም ጉዞን የሚያሰናዳ ሰው አስቀድሞ መቆሙን ማሰናዳት እንዳለበት ከብዙ ስሕተት በኋላ ተረድቻለሁና።

ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገዳችን በላንቴና በምዕራብ አባያ በኩል አልፎ ወላይታ ሶዶ ይደርሳል፤ ከዚያም በሆሳዕናና በቡታጅራ አድርጎ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ አዲስ አበባ ይገባል። ይህን መንገድ የሚያዘው ሙዝ ነው። ከጋሞ ደጋ እየወረዱ ቆላውን የሚያጠጡት እንደ ሐሬና እንደ ሲሌ ያሉት ወንዞች በጫኖ፣ በላንቴና በቆላ ሸሌ ያለውን መሬት እንደ ገነት አለምልመውታል፤ የአዲስ አበባ ሰው በየመንገዱ ዳር የሚገዛው ሙዝ አብዛኛው ከዚህ የተጫነ ነው። ሙዝ ደግሞ ከግንዱ ከተለየ በኋላም ሕይወቱ አይወጣም፤ ይተነፍሳል፣ ሲተነፍስም ሙቀት ያወጣል፣ ኤቲሊን የተባለውንም ጋዝ ያመነጫል፤ ከመካከሉ አንዱ የበሰለ እንደ ሆነ ያ ጋዝ በዙሪያው ያለውን ጥሬ ሁሉ እያበሰለ ይሄዳል። በዓለም ባሕሮች ላይ ሙዝ የሚያጓጉዙ መርከቦች ወደ 13 ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ያስተኙታል፤ የእኛ ሙዝ ግን ያለው መከላከያ ከሥሩ የሚነጠፍለት ደረቅ ቅጠልና ከላዩ የሚለብሰው ሸራ ነው፤ ሣጥንም ስለሌለው የታችኛው ዘለላ የላይኛውን ክብደት ተሸክሞ ያድራል።

ስለዚህ መጫኑ የቀትሩ ትኩሳት ከበረደ በኋላ ይጀመራል፣ መኪናው በሠርክ ይወጣል፣ ወደ ገበያውም ሳይነጋ ይደርሳል። ገበያው በአትክልት ተራ ሳለ መኪናዎቻችን ከተማውን አቋርጠው እስከ ፒያሳ መዝለቅ ነበረባቸው፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ግን በቡታጅራ መንገድ የሚገባው መኪና ወደ መሐል ከተማው ሳይገባ ያራግፋል። በካርታ ሲታይ ኢምንት የሆነው ይህ ለውጥ በእኔ መዝገብ ላይ ታላቅ ነገር ነው፤ በጠዋቱ የከተማ መጨናነቅ መካከል ቆሞ ፀሐይ የሚወጣበት ሙዝ ዋጋው በየደቂቃው ይወርዳልና።

እንዲህ ሌሊት ለሚጓዘው አይሱዙ የጭነት መኪና ሕዝባችን «አልቃይዳ» የሚል አስጨናቂ ስም ማውጣቱን ሁሉም ያውቃል። ስሙ የወጣው በፍጥነቱና ባደረሰው አደጋ ነው፤ ወቀሳውም ሁሉ በሹፌሩ ላይ ይወድቃል። እኔ ግን ይህን ስም በሰማሁ ቁጥር ኅሊናዬ ይወቅሰኛል፤ ሹፌሩ እንዲህ ይበር ዘንድ ሊደረስበት የማይቻለውን ሰዓት የጻፈለት አንድ የእኔ ብጤ ሰው፣ «ገበያ ሳይበተን ካልደረስክ» እያለም በስልክ የሚያስጨንቀው አንድ ደላላ ከበስተጀርባው መኖራቸውን አውቃለሁና። ጫኞቹ ሁለት ሰዓት አዘግይተው ሲጨርሱ ያ ሁለት ሰዓት ከማን ላይ እንደሚነሣ ማንም አይጠይቅም፤ የሚነሣው ከሹፌሩ እንቅልፍ ላይ ነው።

ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ጠባዩ ሌላ ነው። ከአርባ ምንጭ ኮንሶ፣ ከኮንሶ ያቤሎ፣ ከያቤሎ በዱብሉቅና በሜጋ አልፎ ሞያሌ፣ በጠቅላላው ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው፤ ያቤሎ አቅራቢያም ከሐዋሳ በዲላና በቡሌ ሆራ ከሚመጣው፣ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን ይዘረጋል ተብሎ ከታሰበው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል ከሆነው መንገድ ጋር ይገናኛል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ቀጥሎም በኅዳር 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኬንያ መሪዎች በሞያሌ የጋራ የድንበር ኬላውን ሲመርቁ፣ ይህ የደቡብ መንገድ ከጅቡቲው መንገድ ጋር ባይተካከልም ከብዶ የሚታይ የንግድ ፍኖት ይሆናል የሚል ተስፋ በብዙዎቻችን አድሮ ነበር፤ እኔም ይህን ተስፋ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም። ነገር ግን በሚያዝያ ዝናብ ከደጋው የሚወርድ ጎርፍ በሸሌና በሲሌ በኩል መንገዱን ሲቆርጥ፣ በቦረና ሜዳም በሠርክ ወደ በረቱ የሚመለሰው ከብት አስፋልቱን ሞልቶ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ተስፋውን ለብቻ፣ የጉዞውን ሰዓት ለብቻ መጻፍ እንዳለበት ይማራል።

በሞያሌ ሁለት መንግሥታት ብቻ ሳይሆኑ ሁለት የአነዳድ ሥርዓቶችም ይገናኛሉ፤ ኬንያ በግራ ስትነዳ እኛ በቀኝ እንነዳለን፤ የእኛም አገር ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ይህን ሹፌሩ በዓይኑ ስለሚያየው አይሳሳትበትም። በዓይን የማይታየውና እኔን የጣለኝ የሰዓት አቆጣጠር ነበር። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ተሳቢ ያለው አንድ መኪና ቦሎቄ ጭኖ ዓርብ በነግህ ሞያሌ እንዲደርስ አሰናድቼ፣ ጭነቱን ተረክቦ ለሚያሻግረው ወኪል «ዓርብ በ3 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩለት። እኔ ያልኩት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለውን የጠዋቱን 3 ሰዓት ነበር፤ እርሱ በውጭ አገር አቆጣጠር አንብቦት ከቀትር በኋላ፣ በእኛ 9 ሰዓት፣ ጭነቱን የሚረከብበትን መኪና ይዞ መጣ። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች በቃላቸው ሰዓት ሲቆጥሩ እንደ እኛው ከንጋት መጀመራቸው የሚያስደንቅ ነው፤ የቢሮ ወረቀት ግን ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። በዚያ ዓርብ ክፍያው ሳይፈጸም፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም ሳያልቅ መሸ፤ ቅዳሜና እሑድ በመካከል ገቡ፤ መኪናው እስከ ሰኞ ሦስት ሌሊት ቆመ። ጥፋቱ የወኪሉ አልነበረም፤ የእኔ ነበር።

ሹፌሩ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ። የሰጠኋቸው አበል የአንድ ሌሊት ብቻ ስለነበረ፣ እርሳቸውና ረዳታቸው ያን ሦስት ሌሊት ያደሩት በተሳቢው ሥር ሸራ አንጥፈው ነው። ሲመለሱ ይቈጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቈጡም። የጉዞውን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ከፊቴ ዘረጉትና «ልጄ፣ ቦሎቄው የት እንደሚደርስ ጽፈህልኛል፤ እኔ የት እንደማድር ግን አልጻፍክልኝም» አሉኝ። «ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» ከማለት በቀር የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

የሲራራ ነጋዴዎች በበቅሎና በአህያ አገር ለአገር ሲዞሩ መንገዱን ይለኩ የነበረው በማደሪያ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ «የሦስት ቀን መንገድ» ሲሉ ሁለት ሌሊት የሚታደርበት፣ ውኃና ሣር የሚገኝበት ቦታ በሒሳቡ ውስጥ ገብቷል ማለታቸው ነበር። እኛ ሞተርና ኪሎ ሜትር ባገኘን ጊዜ የጣልነውን ይህን ሒሳብ የአውሮፓ ኅብረት በሕግ መልሶ አስገብቶታል፤ በኅብረቱ አገሮች የከባድ መኪና ሹፌር 4 ሰዓት ከግማሽ ከነዳ 45 ደቂቃ የማረፍ ግዴታ አለበት። በእኛ መንገድ ላይ የሹፌሩን ዕረፍት የሚጠብቅለት አስቀድሞ ስምሪት የሚያወጣው ሰው ነው፤ እርሱ ካልጠበቀለት ሹፌሩ እንቅልፉን በጫት ያባርራል፣ ያም የተባረረ እንቅልፍ ንጋት ሊሆን ሲል፣ ዳገቱና ጠመዝማዛው ባለበት፣ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ መልስ ጭነት ብዙ አልናገርም፤ ከአዲስ አበባ ሲሚንቶና ብረት ይገኛል፣ ከሞያሌ ግን ባዶ መመለስ የተለመደ ነው፤ የደቡቡን ኪራይ የሚያስወድደውም ይኸው ነው። ነጋዴው በኪራዩ ውስጥ ሁለት መንገድ እንደሚከፍል አስቀድሜ በግልጽ ብነግረው ይከራከራል፣ በመጨረሻ ግን ይቀበላል፤ ካልነገርኩት ባዶውን መንገድ ሹፌሩ በፍጥነትና ያለ ዕረፍት እንዲከፍለው ይገደዳል።

አሁን ከቢሮዬ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ የተለየ ዓምድ አለው። በዚያ ዓምድ የሚጻፈው መኪናው የት እንደሚቆም፣ ለስንት ሰዓት፣ ሹፌሩና ረዳቱ የት እንደሚበሉና እንደሚያድሩ፣ ለዚያም ምን ያህል አበል እንደ ተሰጣቸው ነው፤ እያንዳንዱም ሰዓት አንድ ጊዜ በእኛ፣ አንድ ጊዜ በውጭው አቆጣጠር ይጻፋል። ጭነቱ ከስንት ሰዓት በላይ ከዘገየ መውጫው ወደ ማግስቱ እንደሚተላለፍም በዚያው ሰፍሯል፤ ስለዚህች አንዲት መስመር ያጣኋቸው ደንበኞች አሉ፤ አልጸጸትባቸውም።

በዚህ ሳምንት ወደ ሞያሌ የላክሁት ወጣት ሹፌር ጀምበር ስትጠልቅ ከያቤሎ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ገብቻለሁ፤ እራት በልቼ ልተኛ ነው» አለ። ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፍኩና፣ ሰላም አድሮ ጠዋት ከመነሣቱ በፊት እንዲደውልልኝ ነግሬው፣ የቢሮዬን መብራት አጠፋሁ።