የገጠር መጠጥ ውሃ ፕሮጀክቶችን በመከታተል ረገድ የኅብረተሰቡ ድርሻ

በክረምት ተቆፍሮ የተትረፈረፈ ውሃ ያለው የመሰለ የእጅ ጉድጓድ በመጋቢትና በሚያዝያ ሊነጥፍ ይችላል። መከለያው በወጉ ያልተሠራ ምንጭም በመጀመሪያው ጎርፍ ሊደፈርስ ይችላል። እንዲህ ያለው ጉድለት ከርክክብ በፊት ወይም በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ከተገኘ የማስተካከል ግዴታ ያለበት የሥራ ተቋራጩ ነው። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን ወጪው በተጠቃሚው ላይ ይወድቃል፤ እናቶችና ሕፃናትም ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። በመሆኑም የኅብረተሰቡ ክትትል ተቋሙ ከተመረቀ በኋላ ሳይሆን ቦታው ከሚመረጥበት ዕለት ጀምሮ ሊካሄድ ይገባል።

የመሳተፍ መብት

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለሆነም ስለ ፕሮጀክቱ መረጃ መጠየቅ የሥራ ተቋራጩን ወይም ባለሙያውን እንደመጠራጠር ሊቆጠር አይገባም።

ከቁፋሮ በፊት

የውሃ ኮሚቴው ነዋሪዎችን በማሰባሰብ በቦታ መረጣው ላይ ያወያያል። በበጋ የማይደርቀውን ምንጭና ጎርፍ የሚያልፍበትን ስፍራ ከሁሉ በላይ የሚያውቁት ውሃ የሚቀዱት ሴቶችና የአካባቢው ሽማግሌዎች ናቸው። ቦታው ከመጸዳጃ ቤትና ከከብቶች በረት ቢያንስ 30 ሜትር የራቀና ከእነርሱ ከፍ ያለ እንዲሆን ይመከራል። ኮሚቴው የግንባታውን ዓይነት፣ ወጪ፣ የሥራ ተቋራጩን ማንነትና የማጠናቀቂያ ጊዜ ከወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ያደርጋል።

በግንባታ ወቅት

ኮሚቴው የምህንድስና ዕውቀት ባይኖረውም ሊቆጥራቸውና ሊለካቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። እነርሱም በገመድ የሚለካ የጉድጓድ ጥልቀት፣ የገቡት የኮንክሪት ቀለበቶች ብዛት፣ የዋለው ሲሚንቶ በኩንታል እንዲሁም ኮንክሪቱ እስኪጠነክር ውሃ መጠጣቱ ናቸው። የታየው ሁሉ ከነቀኑ በመዝገብ ይጻፋል፤ በቦታው የነበሩትም ይፈርሙበታል።

ከርክክብ በፊት

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር የተቀመጠው መለኪያ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነው። ይህንን በጀሪካን መፈተሽ ይቻላል። እያንዳንዳቸው 5 ሰው ያላቸው 50 ቤተሰቦች በቀን 6,250 ሊትር ያስፈልጋቸዋል። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ2 ደቂቃ የሚሞላ ከሆነ ይህን ያህል ውሃ ለመቅዳት ከ10 ሰዓት በላይ ያለማቋረጥ መቅዳት ያሻል። ጀሪካኑ ለመሙላት 4 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ግን የቀኑ ብርሃን አይበቃም። ግንባታው በክረምት ከተጠናቀቀ ልኬቱ የዋስትናው ጊዜ ከማለቁ በፊት በበጋው መጨረሻ እንዲደገም መጠየቅ ተገቢ ነው።

የውሃው ጥራት ግን በዓይን ወይም በጣዕም አይረጋገጥም። በተለይ በስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የሚገኘው ፍሎራይድ በማፍላት የማይወገድ ሲሆን፣ የሕፃናትን ጥርስ ያበላሻል፤ መጠኑ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ስለዚህ ኮሚቴው የላቦራቶሪ ውጤቱን በጽሑፍ ሳይቀበል በርክክብ ሰነዱ ላይ መፈረም የለበትም።

ከርክክብ በኋላ

የተሰበሰበው የውሃ ክፍያና ወጪው በየጊዜው በጠቅላላ ጉባዔ ይነበባል። ፓምፑ የተበላሸበትና የተጠገነበት ቀንም ይመዘገባል፤ ብልሽቱ የሚደጋገም ከሆነ ይህ መዝገብ ዋነኛው ማስረጃ ነው።

አቤቱታ ስለማቅረብ

ጉድለት ሲታይ ኮሚቴው ቃለ ጉባዔውን አያይዞ በቀበሌው በኩል ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመለክታል፤ ማመልከቻው ገቢ ስለመደረጉም ማረጋገጫ ይይዛል። ምላሽ ካላገኘ ለዞኑና ለክልሉ የዘርፉ መሥሪያ ቤት ያቀርባል። የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል የሚል ለኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል። ቀን፣ ልኬትና ፊርማ ያለው አቤቱታ በቃል ከሚቀርብ ቅሬታ ይልቅ ለውሳኔ ያመቻል።